የአንድ ጊጋ ፋይበር እየከፈልኩ በገመድ 94 ብቻ ነው የሚደርሰኝ፤ ምን ልፈትሽ?

አስተርጓሚዋ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። የኔትወርክ ነገር የሚገባችሁ ሰዎች እባካችሁ እርዱኝ።

ሥራዬ የሕክምና ማስተርጎም ነው። አማርኛ ተናጋሪ ታካሚ ሆስፒታል ሲገባ በቪዲዮ ይደውሉልኛል፤ በሐኪሙና በታካሚው መካከል ሆኜ አስተረጉማለሁ። የምሠራው ከቤት ነው። ታካሚው «እዚህ በስተቀኝ ይወጋኛል» ሲል ድምፁ ተቆርጦ ቀኝ ይበል ግራ ካልሰማሁ ድገሙልኝ ማለት አለብኝ። ታሞ የተኛን ሰው ደጋግሞ መጠየቅ በጣም ይከብዳል። ለዚህ ብዬ ነው ትልቁን ጥቅል የገዛሁት፤ ዳውንሎዱም አፕሎዱም አንድ ጊጋ፣ በፋይበር። አሠሪዎቼም በዋይፋይ ሳይሆን በገመድ ሥሪ ይላሉ።

ቤቱ ባለ ሦስት ደረጃ ታውንሃውስ ነው። ፋይበሩ የሚገባው ቤዝመንት ነው። እዚያ ግድግዳው ላይ ነጭ ሳጥን አለ፤ አጠገቡ ራውተሩ ተቀምጧል። ቢሮዬ ግን ላይኛው ፎቅ ነው። ቤቱ ሲሠራ በየክፍሉ ግድግዳ ውስጥ የኔትወርክ ገመድ ስለተዘረጋ ቢሮዬ ውስጥ ሶኬት አለ። ላፕቶፔን የምሰካው እዚያ ላይ ነው።

ስፒድ ቴስት ሳደርግ በገመድ ዳውንሎዱም አፕሎዱም 94 ሜጋ ነው። ጠዋትም፣ ማታም፣ ቅዳሜም ያው 94። እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ ገመዱን ነቅዬ በዋይፋይ ስሞክር 300 አካባቢ ይመጣል። ገመድ እንዴት ከዋይፋይ ያንሳል?

ኩባንያው ጋ ስደውል «ከእኛ በኩል ሁሉም ደህና ነው፣ ራውተሩን አጥፍተሽ አብሪው» አሉኝ። አደረግሁት፤ ምንም ለውጥ የለም። ቀጥለው በየወሩ እየከፈልሽ የዋይፋይ ማራዘሚያ ውሰጂ አሉኝ። ከመክፈሌ በፊት እናንተን ልጠይቅ።

አንድ ሌላ ነገር። በምሳ ሰዓቴ አዲስ አበባ እናቴ ጋ ስደውል ምስሏ ቀጥ ብሎ ይቀራል። እሱም ከዚሁ የመጣ ይሆን?

ዳላሴው

ራውተሩ አርጅቶ ነው የሚሆነው። ሦስት ፍሬ ያለው ሜሽ (እርስ በርስ ተያይዘው ዋይፋዩን ቤቱ ሁሉ የሚያዳርሱ ሳጥኖች) ግዢና በየፎቁ አንድ አንድ አስቀምጪ። እኔ እሱን ከገዛሁ ወዲህ ተገላግያለሁ።

ገመድ ዘርጊው (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

እህቴ፣ እባክሽ ምንም ነገር እንዳትገዢ። ሜሹም ማራዘሚያውም ይቆዩ። እንጀራዬ ለቢሮና ለክሊኒክ የኔትወርክ ገመድ መዘርጋት ነው። የጻፍሽው 94 ብቻውን ብዙ ይናገራል።

የኔትወርክ ፖርት (ገመዱ የሚሰካበት ቀዳዳ) የሚሠራባቸው ፍጥነቶች የታወቁ ናቸው፦ 10፣ 100፣ 1000 ሜጋ (አንድ ጊጋ ማለት ይኸው ነው)፣ አዳዲሶቹ ላይ ደግሞ 2500 እና ከዚያ በላይ። ሁለት መሣሪያዎች በገመድ ሲገናኙ መጀመሪያ ይነጋገራሉ፤ ሁለቱም የሚችሉትን ትልቁን ይመርጣሉ። በ1000 ከተግባቡ ስፒድ ቴስቱ 940 አካባቢ ያሳይሻል። ቀሪውን ማንም አልወሰደብሽም። እያንዳንዱ የመረጃ ቁራጭ አድራሻውን ተሸክሞ ስለሚጓዝ የተወሰነው ቦታ ለዚያ ይውላል። በ100 ከተግባቡ ደግሞ በዚያው ስሌት 94 ወይም 95 ይወጣል። ያንቺ ቁጥር ይኸው ነው። በላፕቶፕሽና በራውተሩ መካከል የሆነ ቦታ ላይ መስመሩ 100 ላይ ታስሯል።

ቁጥሩ ሌት ተቀን አለመነቃነቁም ይህንኑ ያሳያል። መንገዱ የተጨናነቀው ከኩባንያው በኩል ቢሆን ኖሮ ይዋዥቅ ነበር፤ ጠዋት ከፍ፣ ማታ ዝቅ። ደግሞም ዋይፋይሽ 300 ካመጣ ከ100 በላይ የሆነ ኢንተርኔት ቤትሽ ገብቷል ማለት ነው።

አሁን ወደ ገመዱ። የኔትወርክ ገመድ ውስጥ ስምንት ቀጫጭን የመዳብ ሽቦዎች አሉ፤ ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙ፣ በጠቅላላው አራት ጥንድ። ጊጋ ስምንቱንም ይፈልጋል። 100 ግን በሁለት ጥንድ ብቻ ይሠራል፤ በብርቱካናማውና በአረንጓዴው። ሰማያዊው ወይም ቡናማው ጥንድ ውስጥ አንዲት ሽቦ ብትላቀቅ ፖርቱ ላይ መብራቱ ይበራል፣ ኢሜይሉ ይከፈታል፣ ቪዲዮው ይጫወታል። ማንም ምንም አይጠረጥርም። መሣሪያዎቹ ጊጋውን ይሞክሩና አልሆን ሲላቸው ዝም ብለው ወደ 100 ይወርዳሉ። አዲስ ተሠርተው የተሸጡ ቤቶች ውስጥ ይህንን አዘውትሬ አያለሁ። ቤቱን የሠሩት ሰዎች ሶኬቱን ያስራሉ፣ መብራት ሲያዩ ይሄዳሉ። ስምንቱን ሽቦ አንድ በአንድ የሚፈትሽ የለም። ቤቱን የገዛው ሰው ነው እንግዲህ ዓመት ሙሉ ያላገኘውን ጊጋ የሚከፍለው። ይሄ ያበሳጨኛል።

የዳላሱ ወንድማችን ያለው ሜሽ ለዋይፋይ ጥሩ ነው። ችግሩ ገመዱ ላይ ከሆነ ግን አያድንሽም። እንዲያውም የላይኛውን ፍሬ በዚያው ሶኬት ብታገናኚው እሱም 100 ላይ ይታሰራል፤ ያን ጊዜ ዋይፋዩም አሁን ካለበት 300 ይወርዳል።

እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። ዊንዶውስ ከሆነ ሴቲንግስ ግቢ፣ ኔትወርክ፣ ከዚያ ኢተርኔት። «ሊንክ ስፒድ» የሚል መስመር አለ። እሱ 100 ካለ ግምቴ ልክ ነው። ቀጥሎ አጭር አዲስ ገመድ ያዢና ላፕቶፑን ይዘሽ ቤዝመንት ውረጂ። የግድግዳውን ገመድ ተይውና ራውተሩ ላይ በቀጥታ ሰኪ። እዚያ 940 ካገኘሽ ፋይበሩም፣ ራውተሩም፣ ላፕቶፑም ከደሙ ንጹሕ ናቸው። ከዚያ ያንኑ ገመድ ይዘሽ ወጥተሽ ቢሮሽ ውስጥ ሶኬቱ ላይ ሰኪው። 940 ከመጣ ጥፋተኛው ስትሰኪበት የነበረው አሮጌ ገመድ ነው፤ በጥቂት ዶላር ትተኪዋለሽ። አሁንም 94 ካለ ጥፋቱ ከሶኬቱ ወዲያ ነው።

ላፕቶፕሽ ቀጭን ከሆነና በዩኤስቢ አስማሚ የምትሰኪ ከሆነ ንገሪኝ። 100 ብቻ የሆኑ አስማሚዎች ዛሬም ይሸጣሉ። አሮጌው ዩኤስቢ 2 ላይ የሚሰካ ደግሞ ላዩ ላይ ጊጋ ተብሎ ቢጻፍም ከ300 ብዙ አያልፍም።

ነጩን ሳጥን ግን አትንኪው። አረንጓዴ ጫፍ ያላት ቀጭኗ ገመድ ውስጧ መስታወት ነው። ነቅለሽ ጫፏን እንዳታዪ፤ የሚያልፍባት ብርሃን ዓይን የማያየው ሌዘር ነው። ለማሳጠር ብለሽ እንደ መብራት ገመድ አጥፈሽ እንዳታስሪያትም፤ ስትታጠፍ ብርሃኑ ይፈስሳል።

አስተርጓሚዋ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ቁጭ ብለው ይህን ሁሉ ስለጻፉልኝ።

ሊንክ ስፒድ 100 ነው የሚለው። ቤዝመንት ወርጄ በአዲሱ ገመድ ቀጥታ ስሰካ 938 ዳውንሎድ፣ 936 አፕሎድ። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ያንኑ ገመድ ይዤ ወጣሁ፤ ቢሮ 94። አስማሚ የለኝም፤ ላፕቶፑ የራሱ ፖርት አለው።

ከዚያ የሶኬቱን ክዳን በካቻቪቴ ፈታሁት። ከጀርባው ስምንቱ ሽቦዎች በየቀለማቸው በትናንሽ የብረት ጥርሶች መሃል ገብተዋል። ነጭ ከሰማያዊ የሆነችው ግን ጥርሱ ላይ ተቀመጠች እንጂ አልገባችም። በጣቴ ነካ ሳደርጋት ተነሣች። ይቺ ትሆን?

ገመድ ዘርጊው

እሷ ናት! ላስቲኳ ሳይቀደድ ጥርሱ ላይ ስለተጋደመች መዳቧ ብረቱን አልነካውም።

ሥራው ትንሽ ነው፤ ግን በካቻቪቴ እንዳትገፊያት። ካቻቪቴ ጥርሱን ከፍቶ ያላላዋል፤ ዛሬ ይሠራና ከወር በኋላ ይላቀቃል። ሽቦ ወደ ጥርስ የሚመታ ትንሽ መሣሪያ አለ፤ የቤት ዕቃ የሚሸጥበት ትልቅ መደብር ሁሉ ኔትወርክ ገመድ ያለበት መደርደሪያ ላይ ታገኚዋለሽ። ብዙ ጊዜ ከአዲሱ ሶኬት ጋር ቢጫ የፕላስቲክ መግፊያ በነፃ አብሮ ይመጣል፤ ለአንድ ሶኬት እሱም ይበቃል። እንዲያውም ሶኬቱን ራሱን ቀይሪው። በመጀመሪያ ራውተሩን አጥፊና የቢሮውን መስመር ከራውተሩ ንቀይ።

ከመፍታትሽ በፊት በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ሶኬቱ ጎን ላይ ሁለት ዓይነት የቀለም አደራደር ታትሟል፤ ኤ እና ቢ ይባላሉ። የትኛውም ይሁን፣ ቤዝመንት ያለው ጫፍ የታሰረበትን ተከተዪ። ሽቦዎቹን ስትለያዪ ጥምዛቸውን ብዙ አትፍቺው፤ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ብዙም አይለፍ። ጥምዙ ለውበት የተሠራ አይደለም፤ አንዱ ጥንድ የሌላውን ድምፅ እንዳይሰማ የሚከለክለው እሱ ነው።

የገመዱ ላስቲክ ላይ የተጻፈውንም አንብቢ። «ካት 5ኢ» ወይም «ካት 6» ካለ ሁለቱም ጊጋን እስከ 100 ሜትር ይሸከማሉ። የትኛውም ታውንሃውስ ውስጥ ያን ያህል ርቀት የለም። ካት 6 ካልሆነ ብሎ ግድግዳሽን የሚያስቀድድ ሰው ቢመጣ አትስሚው።

የዴራው ልጅ (ዱባይ)

እኔም ልጠይቅ። እዚህ ፍላት ውስጥ አንድ ጊጋ ነው የምንከፍለው። በስልኬ ስለካ 500 አካባቢ። ላፕቶፕ ላይ ጌም ሳወርድ ደግሞ 60 ነው የሚለኝ። 60! ሰው ይቀልድብኛል ወይ?

ገመድ ዘርጊው

ወንድሜ፣ ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ናቸው። ስፒድ ቴስት የሚለካው በሜጋቢት ነው፤ ጌሙ የሚያሳይህ በሜጋባይት። አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው። 60ን በ8 አባዛው፤ 480። ሙሉ ጊጋ ቢደርስህ እንኳ ጌሙ ላይ የምታየው ከ115 ብዙም አያልፍም።

በዋይፋይ 500 ደግሞ ደህና ነው። አብዛኛው ስልክ ሁለት አንቴና ነው ያለው። ዋይፋይ 5 (አምስተኛው የዋይፋይ ትውልድ) የሆነ ስልክ በተለመደው የ80 ሜጋኸርዝ ስፋት ከራውተሩ ጋር ቢበዛ በ866 ይግባባል፤ ከዚያ ላይ ራሱ ዋይፋዩ ለመነጋገሪያ የሚወስደው ሲቀነስ 500 ወይም 600 ይቀራል። ዋይፋይ አየሩን በተራ ነው የሚጠቀመው፤ አንዱ ሲያወራ ሌላው ይጠብቃል። ራውተሩ ቁምሳጥን ውስጥ ወይም ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ካለ አውጣው። የሲሚንቶ ግድግዳ 5 ጊጋኸርዙን፣ ፈጣኑን የዋይፋይ ሞገድ፣ በደንብ ይበላዋል። ስልክህ በሌላው ሞገድ፣ 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ተይዞ እንዳይሆንም እይ፤ 2.4 ግድግዳ ያልፋል፣ ግን ፍላት ውስጥ የጎረቤቱ ሁሉ ራውተር እዚያው ላይ ስለሚጮህ ፍጥነት አይሰጥህም። ጌም የምታወርድበትን ላፕቶፕ በገመድ ሰካው።

ሲያትል ነዋሪ

የኔስ? ራውተሩ ላይ ቀጥታ በገመድ ሰክቼ ጠዋት 900፣ ማታ 150። ገመዱ አዲስ ነው። ኩባንያው «ደህና ነው» ይላል።

ገመድ ዘርጊው

ያንተው ሌላ ነው። እየዋዠቀ ነው፤ ያውም በሰዓት። መጀመሪያ ማታ ማታ ቤት ውስጥ የሚጎትት ነገር እንደሌለ አረጋግጥ፤ ፎቶ ወደ ደመና የሚጭን ስልክ፣ የደኅንነት ካሜራ፣ የልጆች ጌም። ሁሉንም አላቅቀህ አንድ ላፕቶፕ ብቻ ትተህ ለካ። ያኔም 150 ከሆነ ጉዳዩ ከቤትህ ውጭ ነው።

ብዙ ቦታ የተዘረጋው ፋይበር ጂፖን የሚባለው ነው። አንዱ ክር መንገድ ላይ ተከፋፍሎ 32 ቤት ሊገባ ይችላል። ሁሉም የሚጋሩት ወደ ቤት በሚመጣው በኩል 2.5 ጊጋ ገደማ ነው፣ በሚወጣው በኩል 1.25 ገደማ። ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ ሁሉም በአንድ ሰከንድ አይጎትትምና። ኩባንያው ከዚያ ወዲያ ያለውን መስመሩን ካላሰፋ ግን ማታ ይጨናነቃል። ይህን አንተ በቤትህ ልትጠግነው አትችልም።

ስለዚህ ማስረጃ ያዝ። በገመድ፣ ቀኑና ሰዓቱ በሚታይበት የስክሪን ፎቶ። ስትደውል «ዋይፋዬ» የሚል ቃል አታንሣ፤ ወዲያው ማራዘሚያ ይሸጡልሃል። «በገመድ፣ ከራውተሩ ቀጥታ፣ ማታ ማታ ይወርዳል» በል። መስመርህ ሰዓት ሳይለይ የሚቆራረጥ ቢሆን ደግሞ ወደ ሳጥኑ የሚደርሰውን የብርሃን ኃይል ጠይቃቸው። ከኔጌቲቭ 27 ወይም 28 ዲቢኤም በታች ከወረደ ደካማ ነው፤ ጫፉ ቆሽሿል ወይም የሆነ ቦታ ታጥፏል፤ ሰው ልከው ማጽዳት አለባቸው።

አሁንም ደህና ነው ካሉህ ኤፍሲሲ (የአሜሪካ መንግሥት የኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ) ጋ አመልክት። በድረ ገጹ ነው፣ በነፃ ነው፣ ጠበቃ አያስፈልገውም። ኩባንያው በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ መስጠት አለበት። ስልክ ላይ ያላገኘሃትን ትኩረት ያኔ ታገኛለህ። ወገኖቻችን እንግሊዝኛዬ አይበቃም ብለው ሲተዉት ያሳዝነኛል፤ በቀላል ሦስት አራት መስመር ይበቃል።

ቦሌ ሚካኤል (አዲስ አበባ)

ስለ እናትሽ ስልክ ማንም አልመለሰልሽም፤ እኔ ልሞክር። እዚህ ኔትወርክ ላይ ነው የምሠራው።

የቪዲዮ ስልክ ጥቂት ሜጋ ነው የሚፈልገው። 94ሽም ተርፎት ነበር። ስለዚህ ያንቺ ጊጋ መስተካከል የእናትሽን ምስል አይለውጠውም፤ ወሳኙ በመንገዱ ሁሉ ላይ ጠባቡ ቦታ ነው። እሱም ብዙ ጊዜ እዚህ የመጨረሻው ጥግ ላይ ነው፤ በስልክ ዳታ ወይም ከራውተሩ ራቅ ባለ ክፍል።

ርቀቱም አለ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በቀጥታ ከ11 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ደርሶ መልሱ ገመዱ ቀጥ ያለ ቢሆን እንኳ ከ110 ሚሊ ሰከንድ አያንስም። ገመዱ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይመጣም፤ በባሕር ዞሮ ጅቡቲን በመሳሰለ ጎረቤት በኩል ነው ወደ እኛ የሚገባው። ይህ ንግግርን ትንሽ ያዘገያል እንጂ ምስል አያቆምም። ምስል የሚያቆመው በመንገድ የሚጠፋ መረጃ ነው።

የምሳ ሰዓትሽ እዚህ ማታ ነው፤ ሁሉም ሰው ቤቱ ገብቶ ኢንተርኔት የሚከፍትበት። አንድ ቀን ከመተኛትሽ በፊት ደውዪ፤ እዚህ ሲነጋጋ ይደርሳል። ያን ጊዜ ጥርት ካለ የማታው መጨናነቅ ነው። ያን ጊዜም ቀጥ ካለ እማማ ስልኩን ይዘው ራውተሩ አጠገብ ይቀመጡ። ዋትሳፕ ሴቲንግ ውስጥ ጥሪ በትንሽ ዳታ እንዲሄድ የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ እሳቸው ስልክ ላይ አብሪላቸው። ምስሉ ትንሽ ይደበዝዛል፤ ግን አይቆምም።

አስተርጓሚዋ

ሶኬቱን ቀየርኩት። ነጭ ከሰማያዊዋን መግፊያው ሲጫናት ቀጭን «ጠቅ» ትላለች፤ ገባች። ራውተሩን አብርቼ ላፕቶፑን ሰካሁ። ሊንክ ስፒድ 1000። ስፒድ ቴስት 939፣ አፕሎድ 937። ላይኛው ፎቅ፣ ቢሮዬ ውስጥ! ማራዘሚያውን አልፈልግም ብዬ ለኩባንያው ነግሬያለሁ።

የቦሌው ወንድሜ፣ እናቴን ትናንት ከመተኛቴ በፊት ደወልኩላት፤ ለጸሎት ተነሥታ ነበር። ምስሏ አልቆመም። የዳታውን ነገር ታናሽ ወንድሜ ያስተካክልላታል።

ጋሼ፣ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ሳሎን ያለው ቴሌቪዥንም በግድግዳ ሶኬት ነው የተሰካው። ስለካው እሱም 94 ይላል። የሱንም ሶኬት ልፍታው?

ገመድ ዘርጊው

እልልል! ደስ አለኝ እህቴ።

የሳሎኑን ገና አትፍቺው። በጣም ብዙ ቴሌቪዥኖች፣ ውዶቹም ጭምር፣ የኔትወርክ ፖርታቸው ከፋብሪካ ሲወጣ 100 ብቻ ነው። ላፕቶፕሽን እዚያ ሶኬት ላይ ሰክተሽ ለኪ። 940 ካየሽ ሶኬቱ ጤነኛ ነው፤ 94 የቴሌቪዥኑ የራሱ ነው፤ ተይው። ኔትፍሊክስ ለ4ኬ የሚጠይቀው 15 ሜጋ ነው። ላፕቶፑም 94 ካለ ግን ሶኬቱን ያሰረው ያው የቢሮሽን ያሰረው ሰው ነው፤ መጀመሪያ ሰማያዊውን ጥንድ እዪ።